የቀለም ጠመንጃም ምላጭ አለው

በሐይቅና በአምባሰል ጠመንጃ ብርቅ አይደለም። ምላጭ፣ ሰደፍ፣ አፈሙዝ የሚሉትን ቃላት ልጅ አዋቂው ያውቃቸዋል። ያገለገለ ጠመንጃም ቢሆን ለአካባቢው አዲስ ነገር አይደለም። በ1881 ዓ.ም ውጫሌ ላይ ውል በተፈረመበት ዘመን ወደ አገራችን ከገቡት እነ ስናድርና ውጅግራ ብዙዎቹ፣ የአውሮፓ ጦር አዲስ ሲታጠቅ የተዋቸው ነበሩ። አባቶቻችን ታዲያ ያገለገለ መሣሪያ ሲገዙ ከውበቱ ይልቅ ምላጩን ነበር መፈተሽ የሚገባቸው።

ዛሬ ደግሞ በእንጦጦ ፓርክ ወጣቶች የሚጫወቱበት ፔይንትቦል የሚባል የቀለም ጠመንጃ አለ። አንዱን ያገለገለ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ቢመጣ፣ “መጫወቻ እኮ ነው!” ብሎ ዝም ብሎ መሳብ አያዋጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተለመደው ዓይነት ውስጥ በጸደይ የሚገፋ መዶሻ አለ። መዶሻውን አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ትይዘዋለች። ምላጩ ሲሳብ ጥርሷ ትለቃለች፣ መዶሻው ቫልቩን ይመታል፣ ጋዙም ጥይቷን ይገፋል። በአገለገለው ላይ የጥርሷ ጠርዝ ይበላል፣ የምላጩ ጸደይ ይደክማል፣ የደረቀ ቀለምና አቧራም ይሞላዋል። ያኔ ጠመንጃው አንዴ ሲሳብ ሁለቴ ይተኩሳል፤ ሲብስም ማንም ሳይነካው ይተኩሳል።

ከመነካካት በፊት የዓይን መከላከያ ይደረግ። ጥይት የሚቀመጥበት ቋት ይውረድ፣ ውስጥ የቀረችም ጥይት ካለች ትውጣ። ቀጥሎ የጋዙ ጠርሙስ ይፈታ። ጠርሙሱ ወጣ ማለት ግን ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ሰው ወደሌለበት አዙሮ ድምፁ እስኪጠፋ መሳብ ያስፈልጋል። ከዚያ ምላጩ ያለበት ክፍል ተፈቶ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ይድረቅ፣ አምራቹ የሚፈቅደው ዘይት ጠብ ይበልበት። ቤንዚን የጎማ ቀለበቶቹን ስለሚያበላሽ አይሆንም።

አንዳንዱ ምላጭ በብሩጎላ የሚዞሩ ደቃቅ ብሎኖች አሉት። አንደኛው ጥርሷ እስክትለቅ ምላጩ የሚሄደውን ርቀት፣ ሌላኛው ከለቀቀች በኋላ ያለውን ይወስናል። ሩብ ዙር ብቻ እያዞሩ መሞከር ነው። ምላጩን ከመጠን በላይ ማቅለል፣ ከዚያም አልፎ ጥርሷን በሞረድ ማሳሳት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የተበላች ጥርስ ትቀየራለች እንጂ አትሞረድም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ያለ ጥይት፣ አፈሙዙን ሸፍኖ፣ ዓይንን ተከልሎ ጋዙን መመለስ፤ ከዚያ ምላጩን ሳይነኩ ሰደፉን በመዳፍ መምታት። ከተኮሰ ብሎኑ ይመለስ። አሁንም ከተኮሰ ጥርሷና ጸደዩ ሳይቀየሩ ለጨዋታ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ሦስት ግራም ገደማ የምትመዝነው ጥይት በሰከንድ እስከ 91 ሜትር ትበራለች። ልብስ ላይ ቀለም ናት፤ ዓይን ላይ ግን ጥይት ናት። የፀሐይ መነጽርም አይመልሳትም፣ ለዚሁ የተሠራ ጭምብል ያስፈልጋል። የዓይን ሕክምና ፍለጋ ቦሩ ሜዳ የተመላለሰ የወሎ ሰው የዓይንን ዋጋ ያውቀዋል። ሌላም አለ፦ ከሩቅ ሲታይ የቀለሙ ከእውነተኛው አይለይም። በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ ይዞ መታየት ጨዋታ አይደለም፤ ቦታው የታጠረ መጫወቻ ሜዳ ነው።

ዕቃው መጀመሪያ የተሠራው ለደንና ለከብት ሰዎች ነበር፤ ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ለማድረግ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ሄኒከር በምትባል ከተማ 12 ሰዎች ጫካ ገብተው የመጀመሪያውን ውድድር አደረጉበት። ያሸነፈው ሪቺ ዋይት የሚባል የደን ባለሙያ ነው። እሱ ባንዲራዎቹን ሁሉ ሰብስቦ የወጣው አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ነበር። ጥሩ ምላጭ እንግዲህ ቶሎ የሚለቅ አይደለም፤ ካልሳቡት በቀር የማይለቅ ነው።