የተላቀቀችው ጊታር

ባለፈው መስከረም ለጉዳይ ከአሊ አዴ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርጄ ነበር። ካርቲየ 1 ከሚያሳድረኝ ያገሬ ሰው ቤት ደርሼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ "መምህር፣ ጉድ ሆኛለሁ!" አለኝ። አሮጌዋ ኤሌክትሪክ ጊታሩ አልጋው ላይ ተንጋላለች። አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ በዓለም የስደተኞች ቀን እኛም ካምፕ መጥቶ ተጫውቶባታል። ከድሬዳዋ በአሮጌው ምድር ባቡር ተሸክሟት የመጣ፣ የጃፓን ሥራ ናት። የቤት ኪራዩም የልጆቹም ወጪ የሚሸፈነው በየሠርጉ እሷን ይዞ በመዞር ነው።

ታዲያ ምን ሆነች? የዚህች ጊታር ገላ አንድ ወጥ እንጨት አይደለም፤ ሦስት ጣውላ ጎን ለጎን በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ነው። (ይህ የርካሽ ዕቃ ምልክት እንዳይመስላችሁ። ስመ ጥሩዎቹ የአሜሪካ ፌንደር ጊታሮችም ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት እንጨት የተጋጠሙ ናቸው።) አንደኛው መጋጠሚያ ከግርጌ ተነስቶ ወደ ላይ ተከፍቷል። የስደተኛ መታወቂያዬን በጠርዙ ብሞክረው ሰተት ብሎ ገባ።

"ቅኝት እምቢ አለችኝ" አለ።

እምቢ ማለቷ አይገርምም። ኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ክራር ክፍት ሆድ የላትም፤ የክሩን ንዝረት ከሥሩ ያለው ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ተቀብሎ ነው ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው። ስለዚህ "እንጨቱ ቢላቀቅ ምን ቸገራት?" የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ክሮቹ የሚያዙበት ብረት የታሰረው በዚያው እንጨት ላይ ነው። ስድስቱ ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ ባንድነት 45 ኪሎ ያህል ይስባሉ፤ ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። እንጨቱ በጥቂቱ ከተላወሰ ቅኝቱ አይረጋም።

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ሠርጉ ቅዳሜ ማታ። ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆኗል። አንዱ በጎን በኩል ሁለት ረጅም ብሎን ምታባት ይለዋል፤ ሌላው ሱፐር ግሉ አፍስስባት። ሱፐር ግሉውንማ ገዝቶታል እኮ! "ወንድሜ፣ መጀመሪያ አናጢ እንጠይቅ" ብዬ እጁን ያዝኩት።

እዚያው ሰፈር ድሬዳዋ ያደጉ አንድ ሽማግሌ አናጢ አሉ። ጊታሯን ወደ ብርሃን አዙረው ካዩ በኋላ፣ "አቦ፣ እንጨቱ እኮ አልተሰነጠቀም። የለቀቀው ሙጫው ነው። ብሎን ከመታህባት ግን ያኔ ትሰነጥቃታለህ" አሉት። የት እንዳስቀመጣት ጠየቁት። ክረምቱን ሙሉ የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ አስደግፏት፣ ክሮቿንም ሳያላላ ኖሯል።

ነገሩ ለእኔ የሳይንስ ትምህርት ሆነልኝ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬበታለሁ። የከበሮ ቆዳ ዝናብ ሲሆን ላልቶ እሳት ዳር ሲጠጋ እንደሚወጠር ሁሉ እንጨትም እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ታዲያ የሚያብጠውና የሚኮማተረው በወርዱ እንጂ በቁመቱ አይደለም ማለት ይቻላል። የጅቡቲ አየር በቀዝቃዛው ወራት ከባሕሩ እርጥበት ይሸከማል፤ በበጋቸው ደግሞ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። እንጨቱ በየዓመቱ ሲሰፋና ሲጠብ፣ ያረጀው ሙጫ አብሮት መተጣጠፍ ያቅተውና ይለቃል።

ሽማግሌው ክሮቹን አስወለቁ፣ ብረቱን ፈቱ። ሽቦዎቹ ከመነቀላቸው በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው፤ ይህችን ምክር አትርሷት። ከዚያ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ መጋጠሚያው ላይ እያኖሩ፣ ቀጭን ቢላዋ እያስገቡ፣ ያልተከፈተውንም ጭምር ከፍተው ለዩት። ባለጊታሩ ሊያይ አልቻለም፤ ወደ ውጭ ወጣ። አሮጌውን ሙጫ በመስታወት ስባሪ ፋቁት። የብርጭቆ ወረቀት ለምን እንዳልተጠቀሙ ብጠይቃቸው ጠርዙን አድቦልቡሎ፣ ሁለቱ ፊቶች እንዳይገናኙ ያደርጋል አሉኝ። ነጩ ኮላ የሚይዘው ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ሰርጎ ነው፤ በአሮጌ ሙጫ ላይ ቢቀቡት ዋጋ የለውም። ከቆዳና ከአጥንት ተፈልቶ የሚሠራው የጥንቱ ሙጫ ብቻ በራሱ ቢጤ ላይ ይይዛል።

የራሰው እንጨት መድረቅ ነበረበት። "ፀሐይ ላይ እናውጣት" ብሎ ለመናቸው፤ ትጣመማለች ብለው እምቢ አሉ። ዓርብን ሙሉ ጥላ ውስጥ ሰነበተች። እሱም ሐሳቡን ለመርሳት ስለ ጊታር ሰዎች ሲያወራኝ ዋለ፤ በአይቤክስ ኋላም በሮሃ ባንድ ስለተጫወተው ሰላም ስዩም፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የዋልያስ ባንድ አልበም ላይ ጊታር ስለመታው ማሕሙድ አማን። የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው አልበም ላይ ጊታር የሚመታው ደግሞ ከሞቃዲሾ የመጣ ሰው መሆኑን ሲነግረኝ ፊቱ በራ።

ቅዳሜ ጧት ሽማግሌው መጀመሪያ ያለ ኮላ ገጠሟት። የስልኬን መብራት ከጀርባ አብርቼ ብርሃን አለማሾለኩን አየን። ከዚያ ስስ አድርገው ቀቡ። በቂ ርዝመት ያለው ሞርሳ አንድ ብቻ ስለነበራቸው በቀረው በኩል የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠው ጥምዝ አድርገው አሰሩበት። ኮላው በመጋጠሚያው ላይ እንደ ላብ ብቅ ብቅ ሲል ማጥበቁን አቆሙ። "ካልወጣ አንሷል፤ ከመጠን በላይ ካጠበቅከው ደግሞ ጨርሶ ወጥቶ ያልቃል" እያሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት።

"ማታ ልውሰዳት?"

"ሰኞ።"

"ጋሼ፣ የቤት ኪራይ እኮ ነው!"

"ዛሬ ክር ብትወጥርባት መሐል ሠርጉ ላይ ትከፈታለች። ሰኞ ነው ያልኩህ።"

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ወጥቶ ክራር ተውሶ መጣ። ሠርጉን በክራር ተጫወተ፤ ባለሠርጎቹ ጊታር ነበር የተባልነው ብለው ግማሹን ብቻ ከፈሉት። በጣም ነው የተናደድኩት፤ እሱ ግን አፉንም አልከፈተ።

ሰኞ ከመነዳሪው ተፈታ። የጥፍር ጭረት የምታህል መስመር በቫርኒሹ ላይ ቀርታለች፤ በጣት ቢዳብሷት አትታወቅም። ክሮቹን አንድ በአንድ እየወጠረ ቃኛት፣ ሩብ ሰዓት አቆይቶ ደግሞ ቢሞክራት ቅኝቷ እንዳለ ነው። ሽማግሌው 3000 ፍራንክ ጠየቁ፤ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ሊጨርስ ተስማሙ። አሁን ከቆርቆሮው ርቃ፣ ክሮቿ ላላ ብለው፣ ከበሩ ጀርባ ሳጥን ውስጥ ታድራለች።

ያ ሱፐር ግሉ ለጫማዬ ሶል ዋለ።