ለመቀለድ ማርጀት

ተዋናይቷ ሰብለ ተፈራ ካረፈች መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. አሥር ዓመት ሞላት። የሞተችው በ2008 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በመኪና አደጋ ነው። ገና አርባ ዓመቷን አልደፈነችም ነበር። ዜናውን የጻፉት ሁሉ ከስሟ ጎን በቅንፍ ሌላ ስም ጨመሩ፤ የተጫወተቻትን አሮጊት ስም፣ እማማ ጨቤ። ያ ቅንፍ ባይኖር ማን እንደሞተች ወዲያው የማይገባው ብዙ ሰው ነበርና አልፈርድባቸውም። አንዲት ወጣት ሴት ሞታ አገር ያለቀሰው ግን ለአንዲት አሮጊት መሆኑ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ሴት ኮሜዲያኖቻችን ልጻፍ ብዬ ስነሣም ሐሳቤ ደጋግሞ የሚመለሰው እዚያው ላይ ነው።

ነገሩን ከቴሌቪዥን አልጀምርም፤ ከዋጓ ከተማ ከሰቆጣ ልጀምር። ሰቆጣን አዲስ አበባ የሚያውቃት በድርቅ ነው። ሰብለ ከመሞቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ እንኳ፣ ሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማስቀረት የገባው ቃል የከተማዋን ስም ይዞ “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ተባለ። ስሟን ከረሃብ ጋር ብቻ ለለመደ ጆሮ ዋግ ውስጥ ስለሚሳቅ ሳቅ ማውራት ቀልድ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ዕለት ሰቆጣ የነበረ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ላስታ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ሶለል የሚለው ያው ጨዋታ ነው። የሰጣቸውን ያወድሳሉ፤ እጁን የሰበሰበውን ደግሞ በግጥም ይሸነቁጡታል። ሌላ ጊዜ በዓይኗ ቀና ብላ የማታየውን ጎልማሳ ያቺ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ስስቱን ትነግረዋለች፤ እሱም ይስቃል። መሳቅ ግዴታው ነው። ጨዋታው ነሐሴ 21 ሲያበቃ ግን ምላሷም አብሮ ይታሰራል። ያንኑ ግጥም ኅዳር ላይ ብትደግመው “ባለጌ” ትባላለች።

የመሸንቆጡ ፈቃድ የቡድኑ ነው፣ የቀኑም ነው፤ የልጅቷ አይደለም። በዜማ የሚለምኑት ላሊበላዎችም እንዲሁ ናቸው። ባልና ሚስት ሆነው ጎህ ሳይቀድ ከደጃፍ ሲቆሙ፣ ፊቷን በነጠላዋ የሸፈነችው ሴት ያሰኛትን ትላለች፤ ሲነጋ ግን የለችም። አዝማሪዋን ብዙ ሰው ጽፎባታልና ልለፋት።

ከደጃፍ ወደ መድረክ ስንሻገር፣ ዘመናዊው ቴአትራችን የተወለደው በሳቅ ነበር፤ ይህን የምንረሳው ለምን እንደሆነ አላውቅም። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም “ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ”ን ቴራስ ሆቴል ውስጥ አሳዩ። አውሬዎቹ ሹማምንቱን መሰሉና ንግሥት ዘውዲቱ ቴአትር አገዱ። ከዚያ በኋላ የመጣው መድረክ ምግባር አስተማሪ፣ ፊቱ የተኮሳተረ ሆነ፤ የሴቶቹንም ገጸ ባሕርያት ለረጅም ጊዜ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ተጫወቷቸው። የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይት ማን ናት ሲባል አንዱ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴን፣ ሌላው ባለ ክራሯን አስናቀች ወርቁን ይጠራል። ክርክሩ አይጥመኝም። የሚጥመኝ ሌላ ነው። ሴቶቹ መድረክ ሲወጡ የተሰጣቸው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ማስለቀስ ወይም መዋብ ነበር። መንግሥቱ ለማ በ“ጠልፎ በኪሴ”ና በ“ያላቻ ጋብቻ” ጋብቻችንን መሳቂያ ባያደርጉት፣ ፀጋዬ ገብረ መድኅንም ሞልዬርን ወደ አማርኛ ባያመጡልን ኖሮ ለሴት ተዋናይ የሚያስቅ ቃል የሚጻፍበት ቦታ ከዚህም በጠበበ።

ቀልድ በካሴት የሚሸጥበትን ዘመን ቶሎ ልለፈው። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ክበበው ገዳ። እወዳቸዋለሁ፤ ግን ዝርዝሩን ደግማችሁ አንብቡት። ሴት ስታስፈልግ ድምፃቸውን ያቀጥኑ ነበር፤ በቃ።

ሰብለ የመጣችው በዚህ ሁሉ መሐል ነው። ጆሯችን ያውቃታል፤ “ትንንሽ ፀሐዮች” በተባለው የሬዲዮ ድራማ ውስጥ ትርፌን ሆና ስትጫወት። ሬዲዮ ለኮሜዲያን ጨካኝ ፈታኝ ነው፤ ፊት ማጣመም፣ መውደቅ፣ መነሣት አያድንም፤ ያለው ድምፅና የአፍታ ዝምታ ብቻ ነው። ሰብለ ቃሉ መቼ መጣል እንዳለበት የተማረችው እዚያ ይመስለኛል። ጥላሁን ጉግሳ በሚመራው “ቤቶች” በተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ደግሞ እማማ ጨቤ ሆና ብቅ አለች። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ሻሿን አስራ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ስትቀመጥ አንድም ሰው “ይህቺ ልጅ ናት” አላለም። ቤት ውስጥ ያለችውን፣ ጎረቤት ያለችውን አሮጊት አየባት።

ለምን አሮጊት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይሄ ነው። ወጣቷ ሰብለ በራሷ ፊት የሰፈሩን ወንድ ብትሸረድድ “ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ” ይባልባት ነበር። አሮጊት ግን በአገራችን ምላሷ ነፃ ነው። ሹሙን ትገሥጻለች፣ ስለ መኝታ ቤት ታወራለች፣ ቄሱን ትነካካለች፤ “ይተዋት፣ አሮጊት ናት” ይባላል። የሻደይዋ ልጅ ከበዓሉ ስድስት ቀን ትዋሳለች፤ ሰብለ ሠላሳ ዓመት ተበደረች።

ይህ የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ። አየርላንዳዊቷ ፖሊን መክሊን በ1962 እ.ኤ.አ. የተወለደች ናት። “ፋዘር ቴድ” የተባለው የካህናት ኮሜዲ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የካህናቱን ቤት የምትጠብቀውን አሮጊት፣ ሚስስ ዶይልን፣ ሆና ቀረበች። ያኔ ዕድሜዋ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። የሚስስ ዶይል ሥራ እንግዳውን ሻይ ካልጠጣህ ብሎ መወትወት ነው። አልፈልግም ቢላት አትሰማም። “በሞቴ!” እየተባለ ላደገ ሰው ይህን ኮሜዲ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሴትየዋ የእኛ አክስት ናት። እዚያው አገር ብሬንዳን ኦካሮል የተባለ ወንድ ደግሞ ቀሚስ ለብሶ አግነስ ብራውን የተባለች እናት ሆኖ ስሙን አስጠርቷል። እንዲያም ሆኖ ፖሊን መክሊን ከሚስስ ዶይል በኋላ ሌሎች ብዙ ሴቶችን ተጫውታለች፣ ልብ ወለዶችም ጽፋለች። ለዚያ ዕድሜ አግኝታለች። ሰብለ አላገኘችም።

“እማማ ጨቤ ሰብለን ዋጠቻት” የሚሉ አሉ። አንድ ገጸ ባሕርይ ላይ መቸንከር ተዋናይን ይገድላል፣ ሌላ ዓይነት ሴት እንዳትጫወት ይከለክላል ነው ነገሩ። ግማሹ እውነት ነው። እኔ ግን ተዋጠች አልልም። በአማርኛ ኮሜዲ የአሮጊት ሚና ከሰብለ በፊት ብዙ ጊዜ ወንዶች ሻሽ አስረው የሚጫወቱት ነበር፤ ሲጫወቱም የሚሳቅባት አሮጊቷ ነበረች፤ ጥርስ ማጣቷ፣ መርሳቷ፣ መስማት አለመቻሏ። በእማማ ጨቤ ጊዜ ግን ሳቁ ከአሮጊቷ ጋር ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ካለ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ያስተያይ።

የሚያሳዝነኝ ወዲህ ያለው ነው። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ አጭር ቀልድ ይሠራል። ከፍቼ ባየሁ ቁጥር ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ሻሽ አስሮ፣ በእናቱ የሚያሾፍ ጎረምሳ አይጠፋም። ወደ ካሴቱ ዘመን ተመልሰናል፤ አሁን ምስል ተጨመረበት እንጂ። በራሳቸው ፊትና በራሳቸው ዕድሜ የሚቀልዱ ወጣት ሴቶች ብቅ ብቅ ማለታቸው አልቀረም፤ ከሥራቸው በታች የሚጻፍላቸውን ስድብ ያነበበ ሰው ግን ሰብለ ሻሹን ለምን እንደፈለገችው ይገባዋል።

ሰቆጣ ላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። የአማራ መገናኛ ብዙኃን በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ያሰራጫል፤ ስልኩም በየእጁ አለ። የሻደይ ልጆች ሲጨፍሩ የሚቀረጸው ቀሚሱ፣ ሹሩባውና ከበሮው ነው፤ ግጥሙን የምታወጣው ልጅ ስም ግን የትም አይጻፍም። በመጪው ነሐሴ በራችሁ ላይ ቆማ ስስታችሁን የምትነግራችሁን አውራጅ ስሟን ጠይቋትና ከግጥሟ ጋር ጻፉት። በኽምጣና ካለችው እንደወረደ በኽምጣና ጻፉት።