ኮሌጅ ከመመዝገብዎ በፊት፦ ሒሳብን ከየትኛው ክፍል ይጀምራሉ?

በቡርንስቪል ሱቅ ከፍተው ወይም በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ታክሲ እየነዱ የሚኖሩ ከሆነ፣ «ትምህርቴን ብቀጥልስ?» የሚለው ሐሳብ አንድ ቀን ሳይመጣብዎ አይቀርም። የሚፈልጉት ነርሲንግ፣ ኮምፒውተር ወይም የሒሳብ አያያዝ ሊሆን ይችላል። መስኩ ይለያይ እንጂ ለዲግሪ የሚማር ሰው ሁሉ ከሒሳብ ትምህርት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ተዘጋጅቶ በሚገባው ክፍል የተመደበ ሰው በአንድ ሰሚስተር ሊጨርሰው ይችላል። ሳይዘጋጅ የሄደ ግን ለዲግሪው የማይቆጠር ትምህርት እየከፈለ ሲማር ዓመት ሊያልፍበት ይችላል። የዛሬው ጽሑፍ ይህን ዓመት እንዴት እንደሚያተርፉ ለማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአቅራቢያዎ ያሉት ኮሌጆች

ከቡርንስቪል በሀይዌይ 35 ደብልዩ የሚኒሶታን ወንዝ ተሻግረው ብሉሚንግተን ሲደርሱ በ1968 የተከፈተውን ኖርማንዴል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ያገኛሉ። በምሥራቅ በኩል ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ውስጥ በ1970 የተከፈተው ኢንቨር ሂልስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሮዝማውንት ውስጥ ደግሞ ዳኮታ ካውንቲ ቴክኒካል ኮሌጅ አሉ። ሦስቱም «ሚኒሶታ ስቴት» በተባለው የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ድርጅት ሥር ናቸው።

ይህ ለእርስዎ ጥቅም አለው። «ሚኒሶታ ትራንስፈር ካሪኩለም» የሚባል የ40 ክሬዲት ስምምነት አለ፤ ትምህርቱ በ10 ዘርፎች የተከፈለ ሲሆን አራተኛው ሒሳብና ሎጂክ ነው። በዚህ ዘርፍ ሥር የተመዘገበ የሒሳብ ትምህርት በአንዱ ኮሌጅ ካለፉ በኋላ ወደ ሌላው የመንግሥት ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ይዘውት መሄድ ይችላሉ። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት «ይህ ኮርስ የትራንስፈር ካሪኩለሙን አራተኛ ዘርፍ ያሟላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

በእነዚህ ኮሌጆች የሚሰጠው ሒሳብ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ማጠናከሪያ ነው፤ ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ መቶኛና መሠረታዊ አልጀብራ ይማሩበታል። የኮርሱ ቁጥር ከ1000 በታች ከሆነ ማጠናከሪያ መሆኑን ይወቁ። የትምህርት ክፍያ ይከፈልበታል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ለዲግሪ ግን አይቆጠርም። የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ርዳታም ቢሆን የሚሸፍነው እስከ 30 ክሬዲት የሚደርስ ማጠናከሪያ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ርዳታ በዕድሜ ልክ ከ12 ሙሉ ሰሚስተር በላይ አይሰጥም። በማጠናከሪያ ላይ ያዋሉት ርዳታ ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።

ሁለተኛው ለዲግሪ የሚቆጠረው ነው፤ ኮሌጅ አልጀብራ፣ ስታቲስቲክስ፣ ፕሪካልኩለስና ካልኩለስ ከዚህ ይመደባሉ። እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን ሒሳብን እንደ አንድ ረጅም መሰላል ያዩታል፤ ሁሉም ሰው እስከ ጫፉ መውጣት ያለበት ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኢንጂነሪንግ የሚማር ካልኩለስ ያስፈልገዋል። በጤናና በማኅበራዊ ሙያዎች ግን በብዙ ቦታ የሚጠየቀው ስታቲስቲክስ ነው። ቢዝነስ የሚማር ደግሞ አልጀብራና ስታቲስቲክስ ይጠየቃል። ስለዚህ መስክዎን አስቀድመው ይወስኑ፤ ለመስኩ የሚያስፈልገውን ሒሳብ ከአማካሪው ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። የማያስፈልግ ኮርስ መውሰድ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

የምደባ ፈተናውን አይናቁት

ከየትኛው ክፍል እንደሚጀምሩ የሚወሰንበት አንዱ መንገድ አኩፕሌሰር የተባለው የኮምፒውተር ፈተና ነው። የሒሳቡ ክፍል ሦስት ፈተናዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 20 ጥያቄ ነው። የሰዓት ገደብ የለውም። ጥያቄውን በትክክል ሲመልሱ ቀጣዩ ይከብዳል፤ ሲሳሳቱ ይቀላል። አንዴ ካለፉት ጥያቄ ተመልሶ ማረም አይቻልም። ስለዚህ ሌሊቱን ሲነዱ አድረው ወይም ሱቅ ዘግተው እየተቻኮሉ አይፈተኑ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

በአገር ቤት እስከ 12ኛ ክፍል የተማረ ሰው እኩልታ መፍታት ያውቃል። የሚያሰናክለው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ብዙ ዓመት ሳይነካው ስለቆየ ክፍልፋይ መደመርና ኔጋቲቭ ቁጥር መቀነስ ከእጁ ጠፍቷል። ሁለተኛ፣ በኪሎሜትር፣ በሊትርና በኪሎ የለመደ ሰው በማይል፣ በጋሎን፣ በኢንችና በፓውንድ ይጠየቃል። ሦስተኛ፣ ጥያቄው በቁጥር ሳይሆን በረጅም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይመጣል። ሦስቱም በጥቂት ሳምንት ልምምድ የሚስተካከሉ ናቸው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ የመለማመጃ ጥያቄዎችን በነፃ ይሰጣል። በሚኒሶታ የአዋቂዎች መሠረታዊ ትምህርትም ነፃ ነው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ ይሰጥበታል። ከኮሌጅ ማጠናከሪያ በፊት እዚያ ቢማሩ ክፍያውም የርዳታ ገደቡም አይነካብዎትም።

ፈተናው ብቻም ወሳኝ አይደለም። ኮሌጆቹ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትን ጭምር ሊመለከቱ ይችላሉ። የአገር ቤት ትራንስክሪፕትዎን አይጣሉት፤ በየትኛው ድርጅት ተገምግሞ እንዲቀርብላቸው እንደሚፈልጉ ከመክፈልዎ በፊት ኮሌጁን ይጠይቁ።

ይህን ሒሳብ ዛሬም ይሠሩበታል

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልጀብራ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። የሱቅ ምሳሌ እንውሰድ። በ8 ዶላር የገዙትን ዕቃ በ10 ዶላር ቢሸጡ በገዙበት ዋጋ ላይ 25 በመቶ ጨምረዋል። ከሽያጩ ሲታይ ግን የቀረልዎ 20 በመቶ ብቻ ነው። ኪራይ፣ መብራትና ደመወዝ ከሽያጩ 22 በመቶ የሚወስዱ ከሆነ፣ «25 በመቶ አተርፋለሁ» እያሉ በየ100 ዶላሩ ሽያጭ 2 ዶላር እየከሰሩ ነው። ይህ የመቶኛ ትምህርት ነው፤ ሱቅ ይዘጋል ወይም ያኖራል።

ለኡበርና ለሊፍት የሚነዱ ከሆነ ደግሞ ሚኒሶታ በ2024 ያወጣው ሕግ ራሱ የአልጀብራ እኩልታ ነው። ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው ክፍያ ተሳፋሪ ይዘው ለሄዱበት ለአንድ ማይል 1.28 ዶላር፣ ለአንድ ደቂቃ 0.31 ዶላር እንዲሆን ተደንግጓል። 12 ማይል በ20 ደቂቃ ቢያደርሱ፣ 12 በ1.28 ሲባዛ 15.36፣ 20 በ0.31 ሲባዛ 6.20፣ በድምሩ 21.56 ዶላር ይሆናል። ኮሌጅ አልጀብራ ውስጥ ማይሉን ኤክስ፣ ደቂቃውን ዋይ ይሉታል እንጂ ሥራው ይኸው ነው።

ክፍያውን ማን ይችለዋል?

በ2024 መኸር የተጀመረው «ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ» የተባለው የሚኒሶታ ፕሮግራም፣ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነና የባችለር ዲግሪ ለሌላቸው የስቴቱ ነዋሪዎች ሌላው ርዳታ ያልሸፈነውን የኮሌጅ ክፍያ እንዲሸፍን የወጣ ነው። የዘንድሮውን ደንብ ከኮሌጁ የፋይናንሻል ኤድ ቢሮ ያረጋግጡ። ከአገር ቤት ባችለር ዲግሪ ይዘው የመጡ ከሆነም አስቀድመው ይጠይቁ።

እዚህ ላይ ብዙ የንግድ ሰው «እኔ 95,000 አስገባለሁ፣ አይመለከተኝም» ብሎ ይቀራል። የሚታየው ግን ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በግብር ፎርሙ ላይ ያለው የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ ነው። በ2025 የማይል ተቀናሽ 70 ሳንቲም ነበር። 50,000 የሥራ ማይል የነዳ ሰው 35,000 ዶላር ይቀነስለታል፤ ከ95,000 ላይ 60,000 ይቀራል። ከዚህም በራሱ ከሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ግማሹ፣ ወደ 4,239 ዶላር፣ ሲቀነስ ገቢው ወደ 55,761 ይወርዳል። የትዳር ጓደኛው የ22,000 ዶላር ደመወዝ ቢጨመር እንኳ 77,761 ነው፤ ከ80,000 በታች። ይህ የሚሆነው ግን ማይሉ በየቀኑ ተመዝግቦ ሲገኝ ነው። ማስረጃ የሌለው ማይል ማይል አይደለም።

ማመልከቻው ፋፍሳ ይባላል፤ የሚያየውም ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ግብር ነው። የ2025 ግብርዎ ለ2027-28 የትምህርት ዘመን ይታያል ማለት ነው። ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ሊሞሉት ይችላሉ። ወረቀት የሌላቸው ግን ሚኒሶታ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ወጣቶች በ2013 በወጣው የሚኒሶታ ድሪም አክት በኩል ሊያመለክቱ ይችላሉ። ከኪስዎ ከፍለው አንድ ኮርስ ብቻ ለሥራዎ ቢማሩም «ላይፍታይም ለርኒንግ ክሬዲት» ከከፈሉት እስከ 10,000 ዶላር ድረስ 20 በመቶውን ከሚፈለግብዎ ግብር ላይ ሊቀንስልዎ ይችላል፤ የገቢ ጣሪያ ስላለው ግብር ሠራተኛዎን ያማክሩ።

ልጆችዎ 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል ከሆኑ ደግሞ ከ1985 ጀምሮ በሚሠራው ፒኤስኢኦ በተባለው ፕሮግራም የኮሌጅ ሒሳብን ያለ ክፍያ መማር ይችላሉ። ለመጪው መኸር ሐሳባቸውን ለትምህርት ቤታቸው የሚያስታውቁበት ቀን ሜይ 30 ነው።

በዚህ ወር ምን ያድርጉ?

መስክዎን ይምረጡና የሚጠየቀውን ሒሳብ ይወቁ። ትራንስክሪፕትዎን ፈልገው ያውጡ። በቀን ግማሽ ሰዓት ለስድስት ሳምንት ይለማመዱ፤ ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ወይም ገበያ የሚቀዘቅዝበት ሰዓት ለዚህ ይበቃል። ፋፍሳን ይሙሉ። ፈተናውን በዕረፍት ቀንዎ ጠዋት፣ ተኝተው አድረው ይውሰዱ። የተመደቡበት ክፍል ከሚያውቁት በታች መስሎ ከታየዎት፣ ከመክፈልዎ በፊት እንደገና መፈተን ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ዕቃ ሲገዙ ዋጋ እንደሚከራከሩት ሁሉ፣ ለጊዜዎም ይከራከሩ።