ጠብታውን የሚይዘው እጅ

የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሰው ወደ ቤቱ ስንሸኝ አስታማሚው ብዙ ጊዜ «ሲስተር፣ እንግዲህ ድነዋል ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ቤት ስትገቡ ጠብታውን የሚያደርግላቸው ማነው?» አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላሉ። ወንድም እህቱን ያያል፣ እህት ደግሞ የወንድሟን ሚስት። ሐኪሙ ማን እንደሆነ፣ ወጪው ስንት እንደሚደርስ፣ በምን መኪና እንደሚመለሱ ተማክረው መጥተዋል፤ ይህቺን ግን ማንም አላሰባትም። በዓይን ክፍል ነርስነት ስሠራ የቆየሁት እኔ ደግሞ ከምንም በላይ የማስበው ይህችኑ ነው። የሐኪሙ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ከዚያ በኋላ ያሉት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ግን የቤተሰብ ናቸው፤ ዓይኑም የሚድነው በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም የግማሽ ያህሉን ብርሃን የጋረደው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ብዙዎቹ እኛ ዘንድ የሚደርሱት ሞራው ከጠጠረ፣ ዓይናቸው ቀንና ሌሊትን ከመለየት ያለፈ ማየት ካቆመ በኋላ ነው። መዘግየቱ ማገገሙንም ያረዝመዋል።

ውጭ አገር ያሉ ልጆች ደውለው «እዚህ የማውቃት ሴት ተሠርታ በማግስቱ ጠርቶላታል፤ የእናቴ ለምን ዘገየ?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሞራው ገና ሳይጠጥር በድምፅ ሞገድ ተሰባብሮ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀዳዳ ተመጥጦ ይወጣል። እኛ ጋ፣ በተለይ በቀዶ ሕክምና ዘመቻ ጊዜ፣ የጠጠረው ሞራ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር በሚሆን ክፍተት ሳይሰባበር በእጅ ነው የሚወጣው። ክፍተቱ በሰያፍ ስለሚሠራ በአብዛኛው ያለ ስፌት ራሱን ይዘጋል። በጣም ለጠጠረ ሞራ ይህ ዘዴ የሚመረጥ እንጂ የድሃ አማራጭ አይደለም። ሰፋ ያለ ቁስል ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ እናትዬዋም ትዕግሥቱ ይገባቸዋል። ሞራው በወጣበት ቦታ የሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ በሁለቱም ዘዴ አለ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ይህን ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ውስጥ የተከለው በ1949 እ.ኤ.አ. ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሽፋኑ ሲነሣ የሚሰማው እልልታ እውነተኛ ነው፤ ስንት ጊዜ ብሰማውም አይሰለቸኝም። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን እልል ያላሉት ናቸው። ሽፋኑ ተነሥቶላቸው ጭጋግ ብቻ ያያሉ፣ አጠገባቸው የቆመው ልጃቸውም ፊቱ ይጠቁራል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚጠበቅ ነው። ለቀዶ ሕክምናው የተከፈተው ብሌን ገና አልጠበበም፤ ከፊት ያለው ጥርት ያለ የዓይን ክፍል፣ ኮርኒያ የምንለው፣ ጠጣር ሞራ ከሥሩ ሲያልፍ ትንሽ ያብጣል። እብጠቱ በቀናት፣ አንዳንዴም በአንድና ሁለት ሳምንት ይወርዳል፣ እይታውም አብሮት ይጠራል። ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል መቆርቆር፣ ማልቀስ፣ ብርሃን መፍራት፣ በነጩ ላይ የደም ምልክት መታየትም አለ። ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ እስከሄደ ድረስ አያስፈራም። ነጠላው እንዲህ ነጭ፣ ሰማዩም እንዲህ ሰማያዊ ነበር ወይ ብለው የሚደነቁም አሉ፤ ለዓመታት ብርሃኑን ያጣራው የነበረው ቢጫ ወይም ቡናማ የሆነው ሞራ ተነሥቷልና።

ቤት ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። የእኛ የምክር ወረቀት «ከባድ ሥራ አይሥሩ፣ አያጎንብሱ፣ ውኃ አያስነኩ» ይላል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እማማ እንስራ መሸከምን ከባድ ሥራ ብለው አይቆጥሩትም፣ የዕለት ኑሯቸው ነውና። ስለዚህ ቤታቸውን እያሰብኩ በስሙ እየጠራሁ እናገራለሁ፦ ጀሪካኑ፣ የእንጨት ሸክሙ፣ እህል ማበጠሩ፣ ምድጃ ላይ ጎንበስ ብሎ እሳት ማንደዱ ለአንድ ወር ያህል ለሌላ ሰው ይሰጥ። ፀጉር ላይ የሚደረገው ቅቤ እየቀለጠ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ይቆይ። ራስ ሲታጠብ ወደ ኋላ ጋደም ተብሎ ነው። ሌሊት የፕላስቲክ መከላከያው ይታሰር፣ በተሠራው ዓይን በኩል አይተኛ፤ አብሮ የሚያድር የልጅ ልጅ ካለ ለጊዜው ሌላ ቦታ ይተኛ፣ የሕፃን ክርን ቁስሉን ሊከፍት ይችላልና።

የሚከብደው ንግግር ከሃይማኖት ጋር የሚነካካው ነው፤ እኔም ችላ ብዬው አላልፍም። በተለይ በሕማማት የሚበዛው ስግደት ግንባርን ወደ መሬት ያደርሳል፣ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊትም ይጨምራል። ሶላትም እንዲሁ። ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ ተቀምጦ ወይም ቆሞ መጸለይ እንደሚቻል ከየነፍስ አባታቸው ወይም ከሼኹ እንዲሰሙ የምልካቸው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። እኔ ነግሬያቸው ሳይቀበሉኝ የቀሩትን ነገር ከእነሱ ሲሰሙት ያለ ቅሬታ ይቀበላሉ። ጠበልም በዚሁ ይታያል፤ እምነታቸውን የሚነካ ቃል አይወጣኝም፣ ነገር ግን ማንኛውም ውኃ ባልዳነ ቁስል ውስጥ እንዳይገባ እለምናለሁ።

ጾም ደግሞ ጠብታውን ራሱን ያስዘልላል። አንዳንዱ ጠብታ ከዓይን በአፍንጫ ወርዶ ጉሮሮ ላይ ይመራል፤ ስለዚህ ጾም ያፈርሳል ብለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳያደርጉ የሚቆዩ፣ በረመዳንም እስከ ማፍጠሪያ የሚያዘገዩ አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠብታው በቀን ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ታዝዞ ከሆነ ግማሹ ቀረ ማለት ነው። ጠብታው እንደገባ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት በቀስታ መጫን ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን በእጅጉ ይቀንሳል፣ መድኃኒቱንም ዓይን ውስጥ ያቆየዋል። ይህን ያሳየኋቸው ሰዎች ደስ ሲላቸው አያለሁ። እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ የታችኛው ቆብ ብቻ ወደ ታች ይሳብ፤ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይኑንም ሽፋሽፍቱንም አይንካ፤ ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ይቆይ።

ስለ ጠብታው አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ብግነቱን የሚያበርደው መድኃኒት፣ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን፣ የስቴሮይድ ወገን ነው። በሐኪሙ ትእዛዝ በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል። ዓይኑ ደህና መሰለ ተብሎ በድንገት ከተተወ ብግነቱ ይመለሳል። «ጥሩ አደረገልኝ» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት በየጊዜው እየተገዛ ከቀጠለ ደግሞ በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ የእይታ ነርቭን ይጎዳል፤ ያ ጉዳት አይመለስም። የተረፈውን ዓይኑ ለቀላ ጎረቤት ማዋስም የተለመደ ቸርነት ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የጎረቤቱ ዓይን የቀላው በቫይረስ ወይም በፈንገስ ከሆነ ይኸው ጠብታ ቁስሉን ያባብሰዋል።

አሁን ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ ወደሚነሣኝ ነገር ልግባ። የአገራችን ሰው ቀጠሮ ያከብራል። ካርዱ ላይ «ከሳምንት በኋላ» ከተባለ በሦስተኛው ቀን ዓይኑ ቢያመውም «ቀጠሮዬ ገና ነው» ብሎ ይጠብቃል፣ ሐኪሙን ላለማስቸገር። ቀጠሮው ግን ሁሉም ነገር ደህና ለሆነለት ሰው የተሰጠ ነው። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ጠርቶ የነበረው እይታ ከደበዘዘ፣ መቅላቱ ከባሰ ወይም መግል ከታየ በዚያው ቀን መምጣት ያስፈልጋል፤ እሑድም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን። ወደ ዓይን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ብዙ አይከሰትም። ሲከሰት ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ዓይኑን ለማትረፍ ያለው ጊዜም የሚቆጠረው በሰዓታት ነው። ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን፣ ድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጥቦች፣ ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየም እንዲሁ፤ ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የምንለው፣ እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል።

ሳምንታቱ በሰላም ካለፉ በኋላ የሚመጣ ቅሬታ አለ። ከተራራው ማዶ ያለውን ቤት የሚያዩት አባት ዳዊታቸውን ሲገልጡ ፊደሉ ይደበዝዝባቸዋል። የሚተከለው ሌንስ በአብዛኛው ለሩቅ የተሰላ ስለሆነ ነው፤ የማንበቢያ መነጽር ያስፈልጋል። የሚለካውም ቁስሉ ሲረጋ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ገደማ ነው። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ «ሞራው ተመለሰ» ብለው የሚመጡም አሉ። የወጣ ሞራ አይመለስም። ሌንሱ የተቀመጠበት ስስ ከረጢት ከጀርባ በኩል ደብዝዞ ነው፤ በሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል። ይህን ስለማያውቁ ዳግመኛ የታወሩ መስሏቸው ቤት የሚቀመጡትን ሳስብ በጣም አዝናለሁ።

ሞራው በሚገባ ወጥቶም የማያዩ አሉ፤ ከጀርባው ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ወይም ስኳር ነርቩንና ሬቲናውን ቀድሞ ጎድቶት። ይህ ሊሆን እንደሚችል ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ መነገር አለበት። ከዚያ በኋላ መንገር ጭካኔ ነው።

ልጆቹ ከተማ ወይም ዓረብ አገር ሄደው ብቻውን የሚኖር አረጋዊ ሲመጣ የመጀመሪያውን ጥያቄዬን አልተወውም። ጎረቤት ካለ ጎረቤቱን አስጠራለሁ። ከሌለ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ እጠይቃለሁ። ጠብታውን የሚያደርገው ሰው ከተገኘ ከመሄዳቸው በፊት እፊቴ አንዴ እንዲያደርግ እጠይቀዋለሁ፤ የጠብታው ሰዓትም ከሚያውቁት ጋር ይያያዛል፣ ከቅዳሴ ደወል፣ ከአዛን፣ ከጠዋትና ከማታ ቡና ጋር። የክፍሉን ስልክ ቁጥር ካርዱ ላይ በትልቁ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ራሴ ደውዬ «ትናንት ስንት ጊዜ ተደረገ?» እላለሁ። «ሁሉንም» የሚል መልስ ካልሰማሁ፣ ሳልቆይ ለጎረቤቱ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እደውላለሁ።