ንጉሡ አሉ? የቤተ መንግሥት ባንዲራ አነባበብ

እኛ ሰው ቤት መኖሩን ለማወቅ ደጃፍ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን። ለንደን ውስጥ በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት አጥር ሥር የሚሰበሰበው ጎብኚ ግን መጣራት አያስፈልገውም፤ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ይበቃዋል። አንበሶችና በገና ያሉበት ባንዲራ ከተሰቀለ ንጉሡ ውስጥ ናቸው። ዓለም የሚያውቀው ባለ መስቀሉ ዩኒየን ጃክ ከሆነ ደግሞ የሉም። ብዙ ሰው ነገሩን ገልብጦ ስለሚረዳው የአገሪቱን ባንዲራ ሲያይ «አሉ ማለት ነው» ብሎ ደጅ ይጠናል።

አንበሶቹ ያሉበት ባንዲራ የአገር ሳይሆን የባለ ዙፋኑ ነው። አራት ቦታ ተከፍሏል፤ በሁለቱ ላይ በቀይ መደብ ሦስት ሦስት የወርቅ አንበሶች ተደርድረዋል፤ የእንግሊዝ ናቸው። በአንደኛው በወርቅ መደብ ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ቀይ አንበሳ ስኮትላንድን ይወክላል፤ በቀሪው ሰማያዊ ላይ ያለው የወርቅ በገና የአየርላንድ ነው። ዌልስ ምንም ድርሻ የላትም። ባንዲራው ስኮትላንድ ውስጥ ሲሰቀል ግን ድልድሉ ይለወጣል፤ ቀዩ አንበሳ ሁለቱን ቦታ ይይዝና እንግሊዝ በአንድ ትወሰናለች። ብዙ አገር የተጣላበትን የማን ይቅደም ጥያቄ በመርፌና በክር መፍታት ብልህነት ይመስለኛል።

የንጉሡ መኪና በር ሲገባ ባንዲራው ይወጣል፣ ሲሄዱ ይወርዳል። ከዚህ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም፤ ደስታም ኀዘንም አይናገርም። አገር ያወከው ነገር የመጣውም ከዚሁ ነው።

እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ድረስ ንግሥት ኤልሳቤጥ በሌሉበት ጊዜ በበኪንግሃም ጣሪያ ላይ ዩኒየን ጃክም ቢሆን አይሰቀልም ነበር፤ ምሰሶው ባዶውን ይቆማል። በዚያ ዓመት ኦገስት 31 ቀን ልዕልት ዲያና ፓሪስ ውስጥ በመኪና አደጋ ሲሞቱ ንግሥቲቱ ስኮትላንድ፣ ባልሞራል ነበሩ። ሕዝቡ በቤተ መንግሥቱ ደጅ አበባ ሲከምር፣ በሌሎች ሕንፃዎች ላይ ባንዲራ ዝቅ ብሎ ሲውለበለብ፣ እዚያ ጣሪያ ላይ ምንም አልነበረም። በደንቡ መሠረት ባዶው ምሰሶ «እመቤቲቱ የሉም» ማለት ብቻ ነበር። ሕዝቡ ግን «አላዘኑም» ብሎ አነበበው። ጋዜጦቹም ጮኹ።

በኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር፣ ችግሩም እሱው ነው። ቤተ መንግሥቱ ያየው የመገኛ ምልክቱን ነው፤ ሕዝቡ የፈለገው ደግሞ የለቅሶ ምልክት ነው። በመጨረሻ ደንቡ ተሸነፈ። ሴፕቴምበር 6፣ በቀብሩ ዕለት፣ ንግሥቲቱ ወደ ዌስትሚንስተር አቤይ ሲወጡ የእሳቸው ባንዲራ ወረደና በምትኩ ዩኒየን ጃክ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። ከዚያ ወዲህ ባለ ዙፋኑ በሌሉ ጊዜ ምሰሶው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ኀዘን ሲኖርም ዝቅ የሚለው ይኸው ዩኒየን ጃክ ነው።

የባለ ዙፋኑ ባንዲራ ግን ያኔም ዛሬም ለማንም ዝቅ አይልም፤ ለንጉሥ ሞት እንኳ። ዙፋን ባዶ አያድርምና፣ አንዱ ባረፉበት ቅጽበት ሌላው ነግሠዋል። ይህ በ2022 በገሃድ ታየ። ንግሥቲቱ ሴፕቴምበር 8 ቀን ባልሞራል ሲያርፉ በበኪንግሃም ዩኒየን ጃክ ዝቅ አለ፤ በማግሥቱ ሦስተኛው ቻርልስ ሲገቡ የንጉሡ ባንዲራ እስከ ጫፍ ወጣ። የንግሥቲቱ አስከሬን ሣጥን ስኮትላንድ ውስጥ በስኮትላንዱ ዓይነት ተሸፈነ፣ ለንደን ሲደርስ በሌላው።

በእኛም አገር በዘውዱ ዘመን የንጉሠ ነገሥቱ ባንዲራ ከሕዝቡ የተለየ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባንዲራ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ላይ በአንድ ገጹ የይሁዳ አንበሳ፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ይታይበት ነበር። ደርግ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ዘውዱን በአዋጅ ሲሽር ባንዲራውም ባለቤት አጣ። ጃንሆይ እንግሊዝ ውስጥም አንድ ባንዲራ ነበራቸው። በ1954 እ.ኤ.አ. የጋርተር ኒሻን ስለተሸለሙ፣ በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እንደ ሌሎቹ ባለ ኒሻኖች ከመቀመጫቸው በላይ የራሳቸው ዓርማ ተሰቅሎ ነበር። የጋርተር ባንዲራ የሚሰቀለው ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ብቻ ነው፤ ሲሞት ይወርዳል፣ ስሙና ዓርማው ያለበት የብረት ሰሌዳ ከመቀመጫው ላይ ይቀራል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አነባበብ ይዘው ሌላ ከተማ ሲሄዱ ይጠንቀቁ። ብራስልስ ላይ በንጉሡ ቤተ መንግሥት ባንዲራ ቢያዩ፣ ንጉሡ አገር ውስጥ ናቸው ማለት እንጂ ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጠዋል ማለት አይደለም። ካናዳ ውስጥ፣ ኦታዋ ላይ፣ በለንደኑ ንጉሥ እንደራሴ በገዥ ጄኔራሉ መኖሪያ የሹመቱ ሰማያዊ ባንዲራ ከተሰቀለ፣ እንደ ለንደኑ ሰውየው አሉ ማለት ነው። በዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10 ጣሪያ ያለው ዩኒየን ጃክ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ውሎ አይናገርም።

ዋሽንግተን ላላችሁ ደግሞ፦ የኋይት ሐውስ ባንዲራ ፕሬዚዳንቱ ኖሩም አልኖሩም አይወርድም። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በሴፕቴምበር 1970 ባወጡት አዋጅ ሌት ተቀን ይውለበለባል። የፕሬዚዳንቱን መኖር የሚናገረው ጨርቅ ሳይሆን ሰው ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆኑ በምዕራቡ ክንፍ በር ላይ አንድ ማሪን የክብር ልብሱን ለብሶ ይቆማል፣ ሲወጡ እሱም ቦታውን ይለቃል።