ዱላውን «ተገቢ ነው» የሚሉት ሴቶች ለምን በዙ?

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው? ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ አብሬህ አልተኛም ብትል። ከአምስቱ ቢያንስ በአንዱ «አዎ፣ ተገቢ ነው» ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ወንዶቹ 28 በመቶ ብቻ። ወደ ኋላ ብንሄድም ሴቶቹ እንደበዙ ናቸው፤ በ1997 ዓ.ም. 81 በ52፣ በ2003 ዓ.ም. 68 በ45። ከዚህ ቁጥር ሁለት ድምዳሜዎች በቀላሉ ይወጣሉ። አንዱ «እሷው ካመነችበት ሌላው ምን አግብቶት?» የሚል ነው። ሌላው የበጎ አድራጊዎቹ ነው፤ ሴቶቹ መብታቸውን ስላላወቁ እናስተምራቸው ይላል። የተጣሉ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የዱላው ሥር ያለው በሴቷ ልብ ውስጥ እንደሆነ አድርገው ይነሳሉ። እኔ እስከሚገባኝ ድረስ ማስረጃው የሚያሳየው ሌላ ነው። የሴቷ «አዎ» የዱላው ምክንያት አይደለም፤ በዙሪያዋ ያለውን ሥርዓት አጥርታ ማወቋን የሚያሳይ መልስ ነው።

አምስቱን ምክንያቶች ደግመን እንያቸው። ማብሰል፣ መታዘዝ፣ ቤት መዋል፣ ልጅ ማሳደግ፣ ለባል መተኛት። ተሰብስበው ሲታዩ የአንዲት ሚስት ሙሉ የሥራ ድርሻ ናቸው። ምቱ ተገቢ መስሎ የሚታየው ድርሻዋን ባጎደለችበት ቦታ ሁሉ ነው፤ ያለ ምክንያት የሚደበድበውን ባል ሰፈሩም ያወግዘዋል። ስለዚህ ጥቃትን የሚያስችለው ትልቁ ነገር የጭካኔ አድናቆት ሳይሆን፣ ባል የሚስቱ አለቃና አራሚ ነው የሚለው የሥራ ክፍፍል ነው። ታዲያ ጠያቂው መጥቶ «ተገቢ ነው ወይ?» ሲላት፣ ሴትዮዋ የምትመልሰው «እኔ ይህን እወዳለሁ» ብላ ነው ወይስ «እዚህ አገር እንዲህ ካደረግሽ ትመቺያለሽ» ብላ? በባንግላዴሽ ገጠር ይህንኑ ጥያቄ በጥልቀት የመረመሩ አጥኚዎች ሁለቱ መልሶች ተደባልቀው እንደሚቀርቡ፣ መጠይቁም የሴቷን የራሷን አቋም ከማኅበረሰቡ ደንብ መለየት እንደማይችል አሳይተዋል። ዳሰሳው እንከን አለበት የሚል ሰው ልክ ነው። እንከኑ ግን «ራሷ ፈቅዳ ነው» የሚለውን ክርክር ያፈርሳል እንጂ አይደግፍም።

ደንብ ደንብ የሚሆነው የሚጥሰው ሰው ዋጋ ሲከፍል ነው። የተመታች ሴት ወደ ወላጆቿ ብትሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቋት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጆችሽን አስቢ፣ ቻይው፣ ገመናሽን አታውጪ ተብላ ትመለሳለች። ብትፈታ ስሟ ጋለሞታ ነው። በ2008ቱ ዳሰሳ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶው እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ይህ ዝምታ ብዙ ጊዜ እንደ ስምምነት ይቆጠራል። በእኔ እይታ ግን የትኛው በር እንደሚከፈትና የትኛው እንደማይከፈት የሚያውቅ ሰው ስሌት ነው። ቅጣቱ ወንዱንም ይነካል። ሚስቱን ያልተቆጣጠረ ባል ሴታሴት ይባላል፣ በሚስቱ የሚታዘዝ ተብሎ ይሳቅበታል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ሴቷን ብቻ ሳይሆን ወንዱንም ያዝዛል፤ ጨራሹ አንተ ነህ፣ ሥልጣንህን አሳይ እያለ። የሚገርመው ይህን ሥርዓት አጥብቀው ከሚጠብቁት መካከል በእድሜ የገፉ ሴቶች፣ በተለይ አማቶች፣ መኖራቸው ነው። እሱም ቢሆን ብዙ አያስገርምም፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለሴት የተተወችው ትንሽ ሥልጣን የምትገኘው በስተርጅና፣ ያውም ደንቡን በማስከበር ነው።

«ወንዶቹ ግን ተለውጠዋል፤ ከ52 ወደ 28 መውረድ ቀላል ነገር ነው?» የሚል ይኖራል። ቀላል አይደለም። ሆኖም ሬዲዮው፣ ስብሰባው፣ የቀበሌው ሥልጠና በአብዛኛው ለወንዱ ይቀርባል፤ ለጠያቂ የሚነገረው ትክክለኛ መልስ የቱ እንደሆነም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። በዚያው በ2008ቱ ዳሰሳ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባል የሚመጣ አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። መልስን ማወቅና እጅን መሰብሰብ ለየብቻ ናቸው። ሌላው ተቃውሞ ድህነትን ያነሳል። ድህነት ጠብን ያባብሳል፣ ሴቷንም መውጫ ያሳጣታል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ብቻውን አያስረዳም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሃያ ዓመት በፊት በአሥር አገሮች ባካሄደው ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ኖሯቸው ከሚያውቁ ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ገልጸዋል። የባንግላዴሽ ገጠር 62 በመቶ ሲሆን፣ ከባንግላዴሽ እጅግ ሀብታም በሆነችው በፔሩ የገጠሩ ቁጥር 69 ነበር። ኪስ ብቻ ቢወስን ኖሮ ተራው እንዲህ ባልሆነ ነበር።

የሕጉን ድርሻም መርሳት አይገባም፤ «ባህላችን ነው» የሚባለው ብዙ ነገር ማኅተም የተመታበት ነበርና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ደንግጎ ነበር፤ አለፍ ብሎም ግንኙነቶቿን እንዲከታተልና ጠባይዋን እንዲመራ ፈቅዶለታል። ይህ በፌዴራል ደረጃ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በዚያው ዓመት የተካሄደው የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዱላን በአንድ ምክንያት እንኳ የተቀበሉ ሴቶችን 85 በመቶ አድርሷቸዋል፤ ለአርባ ዓመት ታዘዥ ሲላት የኖረ ሕግ በአንድ አዋጅ ከአእምሮ አይወጣም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስሙ ጠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀመጠ፤ ቅጣቱን ግን ወደ አጠቃላዩ የአካል ጉዳት ድንጋጌ መራው። እዚያ ደግሞ ቀላል ጉዳት የሚያስቀጣው ተጎጂዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። ከሽማግሌ ጉባኤ አምልጣ ፖሊስ ጣቢያ የምትደርሰው ስንቷ ናት?

የሴቷ አመለካከት ሥሩ ቢሆን ኖሮ ሴቷን ማስተማር ጥቃቱን ይቀንስ ነበር። ይህ በጉራጌ ዞን በ64 መንደሮች ተፈትሿል። በቡና ሥርዓት ላይ የሚካሄድ የ14 ክፍለ ጊዜ ውይይት ተዘጋጅቶ በአንዳንዱ መንደር ለሴቶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ለወንዶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ለባልና ሚስት አብሮ ተሰጠ፤ ያልተሰጠባቸው መንደሮችም ለንጽጽር ተያዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቃቱ ጎላ ብሎ ቀንሶ የተገኘው ወንዶቹ ለብቻቸው በተሰበሰቡበት ነው። ለሴቶቹ ብቻ የተሰጠው ትምህርት ተመሳሳይ ውጤት አላሳየም። ይህ ሴቶችን ማስተማር ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የተማረችው ሴት ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ባል፣ ወደዚያው ሽማግሌ መመለሷን ግን ያስታውሳል። የወንዶቹ ውይይት ለውጥ ያመጣው ሴቶቹ ራሳቸው እንደተናገሩት በተለይ በወሲባዊ ጥቃት ላይ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። አብሬህ አልተኛም ማለት ከአምስቱ የዱላ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ በዚህኛው ላይ ሕጉ ራሱ ገና ከባል ጎን ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ሐረግ አስገብቶ ባልን ከተጠያቂነት አውጥቶታል።