የልጆቻችን የትምህርት መዝገብ በማን ቤት ይቀመጣል?

በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር፤ ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባ፤ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ሱቆች ከጧት እስከ ማታ በተማሪ እንደ ተሞሉ ይውላሉ። ምክንያቱም ይህ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን የሚፈጽሙት ልጆች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አትመውና አስጠርዘው ለመምህራኖቻቸው የሚያስረክቡበት ወራት ስለ ሆነ ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ወራት እኔም ወረቀት ላባዛ ወደ አንዱ ሱቅ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፤ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ፍላሿን ለሠራተኛው ልጅ ሰጠችው። ልጁም በኮምፒዩተሩ ሰክቶ ቢከፍተው ባዶ ሆኖ ተገኘ። «ቫይረስ በልቶታል» አላት። በሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ደነገጥን፤ እርስዋ ግን ስልኳን አወጣችና ጥቂት ነካክታ «ከሦስት ቀን በፊት የነበረው ይኸው ተገኝቷል፤ የጠፋብኝ የሦስት ቀን ሥራ ብቻ ነው» አለች። ከአጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ በነገሩ ተደንቀው «ልጄ፤ የጠፋው ጽሑፍ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቋት። «ከክላውድ ነው አባባ» አለች። ክላውድ ምን ማለት ነው ቢሉ፤ ሠራተኛው ልጅ «በአማርኛ ደመና ማለት ነው» አላቸው። ሽማግሌውም በበሩ አሻግረው ወደ ሰማይ ተመለከቱና «የደመናው ባለቤት ማነው?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሰደዱ አባቶችና እናቶች ሁሉ ሊጠይቁት የሚገባ ነው።

ክላውድ የተባለው ነገር ስሙ የደመና ይሁን እንጂ በሰማይ የሚንሳፈፍ አይደለም። ይህስ እንደ ምን ነው ቢሉ፤ በምድር ላይ በሲሚንቶና በብረት የተሠራ፤ ዘበኛ የቆመለት፤ ሌሊትና ቀን መብራትና ማቀዝቀዣ የማይለየው ትልቅ ቤት ነው፤ በውስጡም ሰርቨር የሚባሉ ብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ተደርድረው ይሠራሉ። ጎተራ የሌለው ገበሬ እህሉን በጎረቤቱ ጎተራ አስቀምጦ ኪራይ እንደሚከፍል፤ የራሱ ሰርቨር የሌለው ሰው ወይም ትምህርት ቤት ጽሑፉንና መዝገቡን በዚያ ቤት አኑሮ በተጠቀመበት መጠን ይከፍላል። ጆን ማካርቲ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ኮምፒዩተር አንድ ቀን እንደ ስልክ ለሕዝብ የሚከፋፈል አገልግሎት ሊሆን እንደሚችል ተናግሮ ነበር። አማዞን የተባለው ኩባንያ በ2006 የኮምፒዩተሩን ማከማቻና ኃይል ማከራየት በጀመረ ጊዜ ነገሩ በሥራ ተገለጠ።

ለዩኒቨርሲቲዎች ይህ ዐይነቱ ኪራይ የሚስማማበት ምክንያት ግልጥ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ሰርቨር ሲገዛ በውጭ አገር ገንዘብ ይገዛል፤ ክፍል ያሰናዳለታል፤ ማቀዝቀዣና ጄኔሬተር ያቆምለታል፤ ዐዋቂ ሠራተኛ ይቀጥርለታል፤ ሠራተኛውም ሥራውን በሚገባ ከለመደ በኋላ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳል። መሣሪያውም ጥቂት ዓመት ሠርቶ ያረጃል። ከዚህም በቀር በምዝገባ ሳምንት ተማሪው ሁሉ በአንድ ቀን ሲገባበት ይጨናነቃል፤ በክረምት ደግሞ ሥራ ፈትቶ ይከርማል። በክላውድ የሆነ እንደ ሆነ ግን ለምዝገባው ሳምንት ብዙ፤ ለክረምቱ ጥቂት ተከራይቶ ማለፍ ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂ ተማሪዎች የመውጫ ፈተናን በኮምፒዩተር እንዲፈተኑ ስለ ተደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ እንዲሁ ስለ ተፈተኑ፤ ሰርቨር የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የየቤተ ሰቡ ጉዳይ ሆኗል።

መዝገብ እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ለመረዳት የዚህችን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ መመልከት ይበቃል። የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ተቋቋመ። በ2000 ይህ ኮሌጅ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ጋራ ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ2006 ስሙ ተለውጦ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዲላም ለብቻው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እንግዲህ በዲላ ግቢ ተምሮ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ስም የተመረቀ ሰው ዛሬ ልጆች ያሳደገ ጐልማሳ ነው። ለሥራ ወይም ለተጨማሪ ትምህርት የውጤቱን ማስረጃ በሚጠይቅበት ቀን፤ የተቋሙ ስምና አጥር ቢለዋወጥም መዝገቡ መገኘት አለበት። እኔ ኑሮዬ በፍርድ ቤት መዝገብ መካከል ስለ ሆነ ይህን በደንብ ዐውቀዋለሁ፤ ዳኛ ይለወጣል፤ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን አንዲት መበለት መጥታ የባሏን ፋይል ትጠይቃለች።

መዝገብ በአንድ ቤት ብቻ ሲቀመጥ የሚያገኘው አደጋ በአገራችን የታየ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወሎ በደረሰ ጊዜ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ፤ እንዲሁም በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈዋል፤ ኮምፒዩተሩና የቤተ ሙከራው ዕቃ ተወስዷል ወይም ተሰባብሯል። በትግራይ የሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎችም በጦርነቱ ብርቱ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ዕቃ በገንዘብ ይተካል። የአንድ ልጅ የአራት ዓመት ውጤት ግን በሌላ ስፍራ ቅጂ ከሌለው በምን ይተካል?

ጦርነት የሌለበት አገርም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 መጨረሻ፤ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያዘጋጅ በተሠራው ፕሮግራም ስሕተት 77 ቴራባይት የምርምር ሥራ ጠፍቶበታል፤ አንድ ቴራባይት አንድ ሺህ ጊጋባይት ያህል ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በደቡብ ኮሪያ የሆነው ነው። በ2025 በሴፕቴምበር ወር በዴጆን ከተማ የመንግሥቱ የመረጃ ማእከል ተቃጥሎ የመንግሥት ሠራተኞች ጽሑፋቸውን ያስቀመጡበት ክላውድ፤ 858 ቴራባይት፤ በሌላ ስፍራ ቅጂ ስላልነበረው ጠፋ። ስለዚህ ክላውድ የሚለው ስም ብቻውን ከእሳት አያድንም።

ቅጂን በሌላ ስፍራ የማስቀመጥ ነገር ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በአንዱ ገዳም የተጻፈ ብራና በሌላው ገዳም ይገለበጥ ስለ ነበረ፤ ያ ቢቃጠል ይህ ይገኝ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ደግሞ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ከ9,000 የማያንሱ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፊልሙ አንዱ በአዲስ አበባ፤ አንዱ በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ በኮሌጅቪል ተቀመጠ፤ ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ብዙ ዓመት ደከሙ። የሩቁ ቅጂ አገር ቤት ለቀረው አጋር ሆነ እንጂ በፈንታው አልተተካም። የዛሬዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ የሚማሩት ብዙ ነገር ያለ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የሚታወቀው ነገር በተለወጠ ቀን ነው። ጉግል ለትምህርት ቤቶችና ለዩኒቨርሲቲዎች ወሰን የሌለው ማከማቻ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 አስታውቆ ከ2022 ጀምሮ ለአንድ ተቋም በጠቅላላው 100 ቴራባይት እንዲሆን ወሰነ። ሰጪው በራሱ ንብረት ላይ ስላዘዘ አይወቀስም፤ ነገር ግን ነጻ ነው ብለው ሁሉን በዚያ ያከማቹ ተቋማት ዕቃቸውን መርጠው ለማንሣት ተገደዱ። የዶላሩም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፤ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ኪራዩን በዶላር የሚከፍል ዩኒቨርሲቲ ቢኖር፤ አንድ ገጽ ሳይጨምር ዕዳው በብር ሲታሰብ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው።

መንገዱም ሊታሰብ ይገባል። የባሕር በር ስለሌለን ኢንተርኔት የሚመጣልን በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ሌሎችም ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘግተው ነበር። ስለ መዘጋቱ ምክንያት መከራከር የዚህ ገጽ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን የተማሪዎቻችን እውነተኛ ክላውድ ቴሌግራም መሆኑን ወላጆች ሊያውቁ ይገባል። የመምህሩ የትምህርት ጽሑፍ፤ የቀድሞ ፈተና፤ የክፍሉ ማስታወቂያ፤ ሁሉም የሚገኘው በዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ የመውጫ ፈተና ተፈታኞች ለሐምሌው ፈተና ይዘጋጁ የነበረው በእነዚሁ ወራት ነበር። ቪፒኤን የሚባለውን ዘዴ የሚያውቅ አልፎ ይከፍተዋል፤ የማያውቀው ደግሞ ከጓደኛው በፍላሽ ይለምናል።

ወደ ፊት ምን ይሆናል? ዩኒቨርሲቲዎቻችንን የሚያገናኝ የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር መረብ አለ። በአዲስ አበባ በአይሲቲ ፓርክ የግል ኩባንያዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመረጃ ማእከል ሠርተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ በሚል ስም አገልግሎቱን ያቀርባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ በኀላፊነት እንዲይዝ ያዛል። በእኔ አሳብ መዝገቡን መለየት ያሻል። የንግግር ቪዲዮና የመማሪያ ጽሑፍ ርካሽ በሆነበት ስፍራ ሁሉ ቢቀመጥ ምንም አይደለም። የተማሪው ውጤትና የዲግሪው ማስረጃ ግን፤ በሆስፒታሎቻቸው የሚታከሙ ሰዎች የሕመም መዝገብም ጭምር፤ አንዱ ቅጂ በዩኒቨርሲቲው እጅ፤ ሁለተኛው በአገር ውስጥ በሩቅ ከተማ ሊቀመጥ ይገባዋል። የሐዋሳው በባሕር ዳር ወይም በጅማ፤ የእነርሱም በሐዋሳ ቢቀመጥ ምን ይከለክላል? ትልልቆቹ የውጭ ኩባንያዎች ከእኛ ይልቅ ሌባንና ብልሽትን መከላከል ያውቃሉ የሚል ሰው ቢኖር አልክደውም፤ እውነት ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ ከእነርሱ ዘንድ ቢኖር ደግ ነው፤ ግን ከመዘጋቱ በፊት ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ተደርጎና ቍልፉ እዚህ ቀርቶ ይሁን።

ለቤተ ሰብ የሚሆነው ነገር ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው። ልጃችሁ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ያኖረው ጽሑፍ፤ ከተመረቀ በኋላ ኢሜይሉ የተዘጋ እንደ ሆነ አብሮ ይዘጋበታል፤ ስለዚህ ከመመረቁ በፊት ወደ ራሱ ያዛውር። ቴሌግራም የሚከፈተው በስልክ ቍጥር ስለ ሆነ፤ ሲም ካርዱ ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት ቀርቶ ቍጥሩ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ችግር ይመጣል፤ ተጨማሪ የይለፍ ቃልም ያብጅለት። የኢንተርኔት ጥቅል የምትገዙለት ወላጆች ደግሞ፤ በየማታው ጥቂቱ ጽሑፉን ለመላክ እንዲተርፍ ንገሩት።

በፒያሳ ያገኘኋትን ልጅ ጽሑፉ ታትሞ እስኪወጣ ስንጠብቅ፤ ቴሌግራሙ የተዘጋ ቀን ምን ታደርጊ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። ሁልጊዜ ቅጂውን በይርጋለም ወደምትኖረው እናቷ ስልክም እንደምትልክና ወንድሟ ወደ ስልኩ እንደሚያወርደው ነገረችኝ። «እናቴ ማንበብ አትችልም» አለች፤ «ግን ከእኔ የመጣ ስለ ሆነ ማንም እንዲያጠፋው አትፈቅድም»።